ከወንዶቹ እኩል መጠጣት

ጥያቄ፦ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከወንድ ጓደኞቼ እኩል ሁለት ቢራ ብጠጣም ቀድሜ የምሰክረው እኔ ነኝ። የመጠጥ ችግር የወንዶች ነው ይባል የለ?

መልስ፦ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በመጠጥ የሚቸገሩት በብዛት ወንዶች መሆናቸው እውነት ነው። አንቺን ግን ይህ አይጠብቅሽም። የሴት ሰውነት በአማካይ የሚይዘው ውሃ ከወንድ ስለሚያንስ፣ ያው ሁለት ቢራ በደምሽ ውስጥ ያለውን አልኮል ከፍ ያደርገዋል፤ ጉበትም ቶሎ ይጎዳል። ነውሩም አለ። ወንዱ ግሮሰሪ በረንዳ ላይ በግላጭ ሲጠጣ ሴቷ ዶርም ውስጥ ትደበቃለች፤ ሲብስባት የሚያያት የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው «አውዲት» የተባለ የመጠጥ ችግር መመዘኛ 10 ጥያቄዎች አሉት። አንዱ፣ መጠጣት ከጀመርሽ በኋላ ማቆም አቅቶሽ እንደሆነ ይጠይቃል። መልስሽ «አዎ» ከሆነ የግቢውን ክሊኒክ ዛሬውኑ አማክሪ።