አዲስ አበባ – ዋሽንግተን፦ ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን በአየር ዕቃ የሚልክ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ሒሳቡን የሚሠራው በኪሎ ሜትር ነው። በሁለቱ ዋና ከተሞች መካከል ያለው አጭሩ የአየር መንገድ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ትልቅ ጄት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበር፣ ማካፈል ብቻ የሚያውቅ ሰው 13 ሰዓት የሚጠጋ መልስ ያገኛል።

ይህ ሒሳብ ከዋሽንግተን ሲመጡ ይሠራል፤ ሲሄዱ ግን አይሠራም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከደለስ ተነሥቶ የትም ሳያርፍ ቦሌ ይደርሳል። ሲሄድ ግን በተለያዩ ዓመታት ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ ላይ እያረፈ ነዳጅ ቀድቷል። በደብሊን በኩል ሲኬድ ማረፊያው ተጨምሮ 16 እና 17 ሰዓት ይፈጃል።

አንዱ ምክንያት ነፋስ ነው። በአትላንቲክ ላይ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የሚመጣውን ይገፋል፣ የሚሄደውን ይይዛል። ዋናው ምክንያት ግን ቦሌ ራሱ ነው። ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ክንፉ የሚሸከመው፣ ሞተሩም የሚገፋው ይቀንሳል። ስለዚህ 3,800 ሜትር በሚረዝመው አስፋልት ላይ ተንደርድሮ የሚነሣው አውሮፕላን ክብደቱን መቀነስ አለበት።

ምኑን ይቀንስ? ቦይንግ 787 በሰዓት 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ይፈጃል። በአንድ ትንፋሽ ዋሽንግተን ለመድረስ 70 ቶን ያህል መጫን ሊኖርበት ነው። ይህን ያህል ነዳጅ ከቦሌ ይዞ ለመነሣት ሰው ወይም ዕቃ መቅረት ይኖርበታል። ነዳጁ ለሁለት ሲከፈል ግን ቡናውም፣ በርበሬውም፣ የሐበሻ ቀሚሱም ቦታ ያገኛል። ላኪዎች የሚያማርሩበት ማረፊያ ለእነርሱው ዕቃ ሲባል የተደረገ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመንገድም ብዙ አይጎዳም፤ በደብሊን በኩል መሄድ በርቀቱ ላይ የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በሎሜ በኩል ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨምራል፤ ነገር ግን ሎሜ የባሕር ዳርቻ ከተማ በመሆኗ እንደ ልብ ነዳጅ ሞልቶ ለመነሣት ትመቻለች። በቢሾፍቱ አጠገብ የተወጠነው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ መመረጡም ከዚሁ ጋር አብሮ ሊታይ ይገባል።

ስለዚህ ከጭነት ወኪል ጋር የሚዋዋል ነጋዴ መጠየቅ ያለበት ርቀቱን ሳይሆን በዚያ በረራ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚነሣና የት እንደሚታረፍ ነው። ተሳፋሪ ሲበዛ መጀመሪያ የሚቀረው ጭነት ነውና።

ሌላው ነጋዴንም ደላላንም የሚያሳስተው ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ነው። መነሻውም መድረሻውም በየአገሩ ሰዓት፣ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል። ለምሳሌ በበጋቸው ከዋሽንግተን 11:00፣ ማለትም ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተነሥቶ በማግሥቱ 07:00 ላይ ቦሌ የሚደርስ አውሮፕላን ቢኖር፣ በሰዓት ቆጠራ 20 ሰዓት ይመስላል። አዲስ አበባ በዚያ ወቅት ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት ስለምትቀድም 7 ይቀነሳል፤ በአየር ላይ የዋለው 13 ሰዓት ነው። በክረምታቸው ግን ልዩነቱ 8 ነው።