የተቀበረ ኬብል ሳይቆፈር የሚገኝበት ዘዴ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሱቁን ወይም መጋዘኑን ሊያስፋፋ የሚነሣ ነጋዴ፥ መሠረት ከማስቆፈሩ አስቀድሞ በመሬቱ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ይገባዋል። የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በአገሪቱ ከተሞች የስልክ ኬብል በየዘመኑ ሲቀበር ኖሯል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የተዛመተው የኮሪደር ልማት ደግሞ በምሰሶ ላይ የነበረውን ሽቦ ጭምር ወደ መሬት አውርዷል። ስለዚህ አንድ የዶማ ምት የባለሱቁን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቹንም ሥራ ያቋርጣል፤ የኤሌክትሪክ ኬብል ያገኘ እንደ ሆነም የቆፋሪውን ሕይወት ያጠፋል።

ኬብሉን ከላይ ሆኖ የሚፈልገው መሣሪያ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ላኪ፥ ሁለተኛው ተቀባይ ይባላል። የላኪው አንድ ሽቦ ከኬብሉ ጋር ይያያዛል፤ ሌላው ሽቦ ከመስመሩ በጎን ራቅ ብሎ በመሬት ከተተከለ የብረት ካስማ ጋር ይገናኛል። መሬቱ ደረቅ ከሆነ በካስማው ዙሪያ ውኃ ማፍሰስ ይጠቅማል። ላኪው የሚመላለስ ሞገድ በኬብሉ ሲለቅ በዙሪያው የመግነጢስ ኃይል ይፈጠራል፤ ይህም ኃይል በተቀባዩ የሽቦ ጥቅል ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሣና ድምፅ ሆኖ ይሰማል። የዚህን መሠረት ማይክል ፋራዴይ የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ በ1831 እ.ኤ.አ. አግኝቶታል።

በሴኮንድ 500 ጊዜ ያህል የሚመላለስ ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፥ ወደ ጎረቤት ኬብልም እምብዛም አይዘልም። 33,000 ጊዜ ያህል የሚመላለሰው ግን በቀላሉ ይያዛል፤ ሆኖም ቶሎ ይደክማል፥ ወደ ሌላ መስመርም ይሻገራል።

ጥልቀቱን ለማወቅ የተቀባዩ ጥቅል ቀጥ ብሎ ሲያዝ ድምፁ የሚጠፋበት ነጥብ ምልክት ይደረግበታል፤ ኬብሉ ከዚያ በታች ነው። ቀጥሎ ጥቅሉ 45 ዲግሪ ተጋድሞ ድምፁ እንደገና እስኪጠፋ ድረስ ወደ ጎን ይኬዳል። የተሄደው ርቀት የኬብሉ ጥልቀት ነው። ልኩ በግራና በቀኝ ይወሰዳል፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ በአጠገቡ ሌላ ብረት አለና ምልክቱን ማመን አይገባም።

ድምፁ ድንገት የደከመበት ስፍራ ኬብሉ የተቆረጠበት፥ ወይም ጠልቆ የሚያልፍበት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን የሚለየው ይኸው የጥልቀት ልክ ነው።

ከሁሉ ይልቅ መታወቅ ያለበት የመሣሪያው ዝምታ ነው። ፋይበር ኬብል የመስታወት ክር ስለ ሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የብረት ሽፋን ወይም አብሮት የተቀበረ ሽቦ ከሌለው ድምፅ አይሰጥም። እንግዲህ ድምፅ አለመሰማቱ ኬብል አለመኖሩን አያስረዳም።

ስለዚህ ነጋዴው አስቀድሞ ኢትዮ ቴሌኮምን፥ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱንና ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቅ፤ ፍለጋውንም ለባለሙያ ይተው፤ ላኪውን ኃይል ባለበት መስመር ላይ በቀጥታ ማያያዝ ለሕይወት ያሰጋልና። ምልክት ከተደረገ በኋላም በስፍራው ዶማ ሳይሆን አካፋ በእርጋታ ይግባ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ የአንድ ቀን ትዕግሥት የብዙ ቀን ኪሳራን ያድናል።