ድርብርቡ ውሁድ

ጁባ ውስጥ ቶንፒንግ በተባለው ሰፈር፣ የቀትሩ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበት በጋ፣ ጄኔሬተር የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ሁሉ ለመብራትና ለማቀዝቀዣ አይደርስም። ከፊሉ መንገድ ላይ ሽቦውን አሙቆ ይቀራል። መዳብ ጥሩ አስተላላፊ ቢሆንም የኤሌክትሮኖችን ጉዞ በመጠኑ ይቃወማልና፤ ሽቦው ሲግል ደግሞ ተቃውሞው ይብሳል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ዮሺካዙ ሚዙጉቺና የሥራ ጓደኞቹ በጃፓን አገር ይህ ተቃውሞ ጨርሶ የሚጠፋበትን አንድ አዲስ ውሁድ ይፋ አደረጉ። የተሠራው ከቢስሙት፣ ከኦክሲጅንና ከድኝ ነው። ዱቄቶቹ በሙቀጫ ደቅቀው፣ ተጠፍጥፈው፣ አየሩ ተመጦ በወጣለት የኳርትዝ ቱቦ ታሽገው በ510 ዲግሪ ለአሥር ሰዓት ያህል ይጋላሉ። ቱቦው ባይታሸግ ኖሮ ድኙ ገና በ445 ዲግሪ ፈልቶ ባመለጠ፣ አየር ቢያገኝም በነደደ ነበር።

የውሁዱ አቶሞች በመሶብ እንዳለ እንጀራ ተነባብረዋል። ኤሌክትሮኖች የሚመላለሱት ቢስሙትና ድኝ በያዘው ንብርብር ሲሆን፣ ቢስሙትና ኦክሲጅን የያዘው በመካከል ገብቶ ይለያያቸዋል። ታዲያ ተቃውሞው የሚጠፋው ውሁዱ ከዜሮ በታች 268 ዲግሪ ግድም ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ ለዚህም ፈሳሽ ሂሊየም ያስፈልጋል። ሂሊየም ደግሞ ውድ ነውና ውሁዱ ለከተማ ሽቦ አይሆንም።

እነዚሁ ሦስት ንጥረ ነገሮች በሌላ መጠን፣ ማለትም ሁለት ቢስሙት፣ ሁለት ኦክሲጅንና አንድ ድኝ ሆነው ሲዋሐዱ፣ ከፊል አስተላላፊ የሆነ ሌላ ድርብርብ ውሁድ ይገኛል። እርሱ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ አይሻም፤ ብርሃን ሲያርፍበት የማስተላለፍ ችሎታው ይጨምራል።