ለጁሙዓ የለበስከው ጃኬት የማን ነው?



ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ! ዛሬ ለጁሙዓ ስትዘጋጁ የለበሳችሁትን አንድ በአንድ ተመልከቱት። ሁዲው የራሳችሁ ነው? ስኒከሩስ? እጃችሁ ላይ ያለው ሰዓት ባለፈው ወር በማን እጅ ነበር? ብዙዎቻችን ቢያንስ ለአንዱ «የእገሌ ነው፣ ግን ችግር የለውም» እንላለን። የዛሬው ትምህርታችን በዚህች «ችግር የለውም» ላይ ነው።

ቦንጋ የምትኖር ከሆነ ነገሩን ታውቀዋለህ። ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ስለምንኖር፣ አንዱ ልጅ መርካቶ ደርሶ አዲስ ጫማ ይዞ ከመጣ ጫማው የአንድ ሰው ሆኖ አይቀርም። ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥማ ሎከሩ የየግል ቢሆንም ልብሱ የጋራ ነው። ካፕ በካፕ፣ አምባር በሰንሰለት፣ ጃኬት በስኒከር ይቀያየራል። ይህ በራሱ ደስ የሚል ነገር ነው። በሱረቱል ማዑን አላህ ከሚወቅሳቸው ሰዎች መካከል ለጎረቤት የምትዋስ ትንሽ የቤት ዕቃ የሚከለክሉት ይገኙበታል።

መዋዋስ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤትም ነበር። ቡኻሪ እንደዘገቡት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አምስት ዲርሃም የምታወጣ ሻካራ ቀሚስ ነበራቸው። በነቢዩ ዘመን መዲና ውስጥ ለሠርግ የምትዋብ ሴት ሁሉ ያችን ቀሚስ ለመዋስ ወደ እሳቸው ትልክ እንደነበር፣ በኋላ ዘመን ግን የቤታቸው አገልጋይ እንኳ እንዲህ ያለውን ቤት ውስጥ ለመልበስ እንደተጠየፈች ተናግረዋል። አንዲት ቀሚስ ስንቱን ሙሽራ አለበሰች!

ዓኢሻ ራሳቸውም ተውሰዋል። ከእህታቸው ከአስማእ የአንገት ሐብል ተውሰው ጉዞ ላይ ሳሉ ጠፋባቸው። ነቢዩም ሐብሉን የሚፈልጉ ሰዎች ላኩ። እየተፈለገ ሳለ የሶላት ሰዓት ደረሰ፣ ውሃም አልነበረም፤ የተየሙም አንቀጽ የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ የምንሰማው ስለ ተየሙም ስንማር ነው። እስቲ ዛሬ በሐብሉ በኩል እንየው፦ ለአንዲት የተውሶ ጌጥ ፈላጊ ተላከ። «እህቷ ናት፣ ምን ትላለች» ተብሎ አልታለፈም።

ሦስተኛው ታሪክ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ከመካ መከፈት በኋላ የሆነ ነው። ነቢዩ ወደ ሑነይን ሲዘምቱ ከሶፍዋን ኢብኑ ኡመያ ጥሩር፣ ማለትም የብረት የጦር ልብስ ጠየቁ። ሶፍዋን ያኔ ገና አልሰለመም ነበር። «በጉልበት ልትወስደው ነው?» የሚል ጥያቄ አነሳ። የነቢዩ መልስ፣ አይደለም፣ ዋስትና ያለው ውሰት ነው የሚል ነበር። ጥያቄውን አልተቆጡበትም። ምን እንደሚወሰድ፣ በምን ስም እንደሚወሰድ፣ ቢጠፋ ማን እንደሚከፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። በዙሪያችን ሙስሊም ያልሆኑ ብዙ ጓደኞች አሉን፤ የእነሱም ልብስ አማናው ያው ነው።

በእኛ መካከል የሚጎድለው ይኸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ልብስ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ወይ ውሰት ነው፣ ወይ ልውውጥ ነው፣ ወይ ስጦታ ነው። ሰጪው ውሰት መስሎት፣ ተቀባዩ ስጦታ መስሎት ሲለያዩ ነው ጓደኝነት የሚበላሸው።

ልውውጥ በሸሪዓ ሽያጭ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ልዋጭ!» እያሉ ሰፈር ለሰፈር የሚዞሩትን ሰምተህ ይሆናል። አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብለው ሳፋ ወይም ሌላ የቤት ዕቃ ይሰጣሉ። ተስማምታችሁ ከተለያያችሁ በኋላ ልብሱ የእነሱ፣ ሳፋው ያንተ ነው። ያንተና የጓደኛህም እንደዚያው ነው፤ ሳትለያዩ ሁለታችሁም መተው ትችላላችሁ፣ ከተለያያችሁ በኋላ ግን «ሐሳቤን ቀየርኩ» አይሠራም፣ የተደበቀ ጉድለት ካልተገኘ በቀር። በአንድ ጃኬት ሁለት ቲሸርት፣ ወይም ጫማ ላይ ብር ጨምሮ መቀየር ችግር የለውም። ጉድለቱን መናገር ግን ግዴታ ነው። ሶሉ በማስቲሽ ተጣብቆ ከሆነ ንገረው። ፎርጅድ መሆኑን እያወቅህ «ኦሪጅናል ነው» ካልክ፣ ልውውጡ በረካውን አጥቷል።

እህቴ፣ ወርቅ ሲሆን ሕጉ ይለያል። የወርቅ ጉትቻሽን በጓደኛሽ የወርቅ ቀለበት ስትቀይሪ ክብደቱ እኩል፣ ርክክቡም እዚያው እጅ በእጅ መሆን አለበት። አለዚያ ሪባ ነው። ቢላል (ረ.ዐ) ሁለት ቁና ደካማ ተምር ሰጥተው አንድ ቁና ጥሩ ተምር ባመጡ ጊዜ ነቢዩ ይህ ራሱ ሪባ እንደሆነ ነግረው፣ መጀመሪያ ያለውን ሸጦ በገንዘቡ ሌላውን መግዛት እንደሚገባ አስተምረዋቸዋል። ያንቺም መንገድ ይኸው ነው፤ የራስሽን ሽጪ፣ የፈለግሽውን ግዢ። ለማዋስ ከሆነ ግን የክብደት ጣጣ የለውም፣ ያው ዕቃ ይመለሳልና። (ወንድሜ፣ ወርቅና ሐር ላንተ በውሰትም አይፈቀድም፤ የብር ቀለበት ይበቃሃል።)

በውሰት ላይ ዑለሞች ስለ ካሳው ይለያያሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ የተዋስከው ዕቃ ያለ ጥፋትህ ቢሰረቅም ትከፍላለህ፤ በተፈቀደልህ አለባበስ ሲያረጅ ግን አትጠየቅም። በሐነፊይ መዝሀብ ካላጠፋህ አትከፍልም። የቦንጋን ክረምትና ዳገት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል አይደለም። ነጭ ስኒከር ተውሰህ ጭቃ ውስጥ ከገባህ አጥበህ መልስ። ሳታስፈቅድም ለሦስተኛ ሰው አታውሰው።

ከሁሉም የሚከብደው ስጦታው ነው፣ ምክንያቱም ይሉኝታ አለብን። ጓደኛህን «ይቺ ካፕ እንዴት ታምራለች!» ትለዋለህ። አፍሮ «ውሰዳት» ይልሃል። ወሰድካት። ሰጠህ ወይስ ተሸነፈ? ዑለሞች በሐፍረት አስገድዶ የተወሰደን ገንዘብ በጉልበት ከተወሰደ አያሳንሱትም፤ የሰው ንብረት የሚፈቀደው ልቡ ሲወድ ነውና። ነቢዩ የወንድምን ዕቃ በቀልድም በምርም መውሰድን ከልክለው፣ በትሩን እንኳ የወሰደ እንዲመልስ አዘዋል። አንተም ሰጪው ሳትፈልግ «ያዘው» አትበል። ሰጥቶ መልሶ መውሰድ በሐዲስ ያስፋውን መልሶ በሚልስ ውሻ ተመስሏል።

ምርቃት ሲደርስና ዶርም ሲበተን ደግሞ ብዙ ልብስ ከባለቤቱ ጋር ይለያያል። ሎከርህ ውስጥ የማን እንደሆነ የረሳኸው ካለ፣ ለጓደኛህ «ጃኬትህ እኔ ጋር ነው፣ ልያዘው?» ብለህ አትጻፍለት። ይሉኝታው እዚያም ይከተለዋል። እጠበው፣ እጠፈው፣ ወስደህ እጁ ላይ አስቀምጠው። ከያዘው በኋላ አይቶት «ኧረ ላንተ ነው የሚያምረው» ብሎ ከመለሰልህ፣ ቢስሚላህ ብለህ ልበሰው።

ወላሁ አዕለም።