አፈር ላይ የተቀመጠው ንጉሥ



ቁስቋም የምንኖር ሙስሊሞች ስለ ሰፈራችን ስም ብዙም አንጨነቅም። የታክሲው ረዳት «ቁስቋም» ይላል፣ እኛም «ወራጅ አለ» እንላለን፤ በቃ። ስሙ ግን ከሩቅ የመጣ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እንደሚሉት ቁስቋም በግብጽ የሚገኝ ተራራ ሲሆን፣ መርየምና ልጇ ዒሳ (ዐ.ሰ) ከንጉሥ ሄሮድስ ሸሽተው ያረፉበት ቦታ ነው። ታሪኩ የእነሱ ነው፤ እኔ ያነሳሁት ነገሩ ስለሚያስገርመኝ ብቻ ነው። ሠራዊትና ግንብ ያለው ንጉሥ ሕፃን ፈርቶ ሲያሳድድ! በእኛም ዘንድ የግብጽ ስም ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣብን ፊርዐውን ነው። እሱም ሕፃናትን ይፈራ ነበር። በሱረቱ ዙኽሩፍ እንደተነገረን ደግሞ በአገሩ ወንዞች ይኩራራ ነበር፤ እሱ ያፈሰሳቸው ይመስል።

ወደዚህ ሐሳብ የመራኝ ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ የገጠመኝ ጭውውት ነው። ከመስጊድ ስንወጣ አብረውኝ ያዘግሙ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «እነዚህ ሰዎች ወንበር ላይ ከመውጣታቸው በፊት እንደኛው ሰዎች ነበሩ። ከወጡ በኋላ ምን ያገኛቸዋል?» አሉኝ። የትኞቹን ሰዎች እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ ሽማግሌው ሦስት መንግሥት ሲወድቅ ያዩ ናቸው። እኔም እንደ ተማረ ሰው ፈጥኜ «ሐጂ፣ ኪብር ነዋ!» አልኳቸው። እሳቸውም «ቃሉንማ እኔም አውቀዋለሁ። በምን ይታወቃል ነው የምልህ» ብለው ዝም አሰኙኝ። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ልሰጣቸው ያልቻልኩት መልስ ነው።

ኪብር በምን ይታወቃል? አብዛኞቻችን በልብስ፣ በመኪና፣ በአረማመድ ይታወቃል ብለን እናስባለን። በእርግጥ ቁርአን በሱረቱል ኢስራእና በሱረቱ ሉቅማን በትዕቢት መራመድን፣ ፊትንም ከሰዎች ማዞርን ከልክሏል። ነገር ግን ሙስሊም በዘገቡት፣ ከዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) በተላለፈው ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በልቡ የቅንጣት ያህል ኪብር ያለበት ሰው ጀነት እንደማይገባ በተናገሩ ጊዜ፣ አንድ ሰው ልብሱና ጫማው እንዲያምርለት የሚወድ ሰውስ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። የነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) መልስ አላህ ውበትን እንደሚወድ፣ ኪብር ግን ሁለት ነገር መሆኑን የሚያስረዳ ነበር፤ ይኸውም እውነትን አልቀበልም ማለትና ሰውን መናቅ ነው።

እንግዲህ ሚዛኑ ይህ ከሆነ፣ መሪን የምንመዝነው በለበሰው ኮት አይደለም። የማይወደውን እውነት ይዞ በሩ ላይ የቆመ ሰው ምን ይደርስበታል? ታች ያለውንስ ሰው ምን ብሎ ይጠራዋል? ያረጀ ሸሚዝ ለብሶ፣ በእግሩ እየሄደ፣ የተቃወመውን ሁሉ እስር ቤት የሚወረውር መሪ ሙተከቢር ነው። ባማረ አዳራሽ ተቀምጦ የድሃውን አቤቱታ እስከ መጨረሻው የሚያዳምጥ ግን ከዚህ በሽታ የዳነ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ምሳሌ ደግሞ ከእኛው አገር ነው። በ615 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሶሓቦች ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ወደ ነጃሺ ላኩ። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንደተረከችው፣ መልእክተኞቹ አስቀድመው ለሹማምንቱ ለእያንዳንዳቸው ስጦታ አደሉ፤ ሹማምንቱም ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጡ ንጉሡን መከሩ። ልብ በሉ! ምክሩ ስጧቸው ብቻ አይደለም፣ ሳትሰሟቸው ስጧቸው የሚል ነው። ነጃሺ በዚህ ተቆጣ፤ ቃላቸውን ሳልሰማ አሳልፌ አልሰጥም አለ። አገር አልባ፣ ዘመድ አልባ፣ ስጦታ ያልያዙ ሰዎች ቤተ መንግሥት ገብተው በጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) አንደበት ተናገሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስጦታው ተመለሰ፤ ስደተኞቹም በሰላም ተቀመጡ።

ብዙ ጊዜ የማይነሳ ሌላ ዘገባም አለ። የበድር ዘመቻ ወሬ ሐበሻ በደረሰ ጊዜ ነጃሺ ጀዕፈርንና ጓደኞቹን አስጠራቸው። ሲገቡ ንጉሡን ያረጀ ልብስ ለብሶ አፈር ላይ ተቀምጦ አገኙት፤ ደነገጡም። እሱ ግን ያስጠራቸው ሊያበስራቸው ነበር። አፈር ላይ ስለመቀመጡ ሲጠየቅም፣ አላህ ለባሮቹ ጸጋን በለገሰ ጊዜ ራሳቸውን ዝቅ ማድረግ እንደሚገባቸው ለዒሳ (ዐ.ሰ) ከወረደው እንዳገኘ ነገራቸው። ሌላው መሪ ድል ሲሰማ ወንበሩን ከፍ ያስደርጋል፤ ይህኛው ደግሞ ድሉ የእሱ ሳይሆን የሩቅ ሰዎች ሆኖ ሳለ ወደ መሬት ወረደ። እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች በነጃሺ እንኮራለን፤ ኩራታችን ግን «እኛ እኮ» ከማለት አልፎ ወደዚያ አፈር ሲወርድ እምብዛም አይታይም።

ከነጃሺ በኋላ በዚህ አገር ብዙ ወንበሮች ተዘርግተዋል። ሁሉን መዘርዘር አልችልም፤ ዕድሜዬና የሽማግሌው ዕድሜ የደረሱበትን ብቻ ላንሳ።

አፄ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤት የከፈቱ፣ በዓለም አደባባይ የተከበሩ ንጉሥ ነበሩ፤ ይህን መካድ ራሱ እውነትን አለመቀበል ይሆናል። ነገር ግን ከሁለቱ ምልክቶች አንጻር እንያቸው። ሰውን መናቅ የሚለውን ከወሰድን፣ በዘመናቸው እኛ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እንጂ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች አልነበርንም። ዒዳችን የመንግሥት በዓል አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች፣ አብረዋቸው ከቆሙ ክርስቲያን ወገኖች ጋር፣ መንገዱን ሞልተው እኩልነትን እስኪጠይቁ ድረስ ያ አጠራር ማንንም አላሳፈረም። እውነትን አለመቀበል የሚለውን ከወሰድን ደግሞ ወሎ አለ። ወሎ፣ የስንት ዑለማ አገር፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በረሃብ ሲያልቅ ቤተ መንግሥቱ እንዳልሰማ ሆነ። ባለሥልጣኖች ወሬውን ደበቁ፤ ደባቂ የሚበረክተው ደግሞ ንጉሡ ክፉ ወሬ እንደማይወድ ሁሉ ሲያውቅ ነው። በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ምሽት እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያነሳው ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀነባብሮ በቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሡ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ።

ደርግ ሦስቱን በዓሎቻችንን በዚያው ዓመት የሕዝብ በዓል አድርጎ አውጇልና ሐቁን እንስጠው። ነገር ግን ንጉሡን በረሃብ የከሰሰ መንግሥት ከአሥር ዓመት በኋላ የሠራውን ተመልከቱ። መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በብዙ ወጪ ሲከበር፣ ከተማው በሰንደቅና በምስል ሲያሸበርቅ፣ ሰሜኑ በረሃብ እየረገፈ ነበር። በጊዜው የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽነር የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ማስጠንቀቂያቸው እንዴት ሰሚ እንዳጣ በኋላ ጽፈውታል። ዓለም የሰማው ከበዓሉ ማግስት፣ በጥቅምት፣ በቢቢሲ ካሜራ ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ሰልፉን ከላይ ሆነው በአብዮት አደባባይ ያዩ ነበር፤ ከወሎ ለመጣ ርሃብተኛ ግን ያ ሰገነት ከቤተ መንግሥቱ የተለየ አልነበረም። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ ሰገነቱም አልተከተላቸውም።

ከዚህ ጎን ዑመርን (ረ.ዐ) ማስታወስ ግድ ይላል። በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ በመዲና ዙሪያ ረሃብ በገባ ጊዜ፣ ዓመቱም ዓሙ ረማዳ በተባለ ጊዜ፣ ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤና ሥጋ አልቀምስም ብለው በዘይት ኖሩ። መልካቸው ጠቆረ፤ ሆዳቸው ሲጮህ ይሰማ ነበር ይባላል። ኸሊፋው ቅቤ ባይበሉ የማን ረሃብ ይቀንሳል የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ነገር ግን የገዛ ሆዱ የሚጮህበት መሪ፣ ረሃብ የለም የሚል ሪፖርት ቢመጣለት አያምንም። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

በቅርቡ ዘመን አንድ የተለየ ነገር አይተናል። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ አገሪቱ በተቃውሞ ስትናጥ፣ የመፍትሔው አካል ለመሆን በማለት ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ፤ መጋቢት 24 ቀንም ሥልጣኑን በፓርላማ አስረከቡ። በሞት ወይም በጠመንጃ እንጂ በእግሩ ከወንበር የሚወርድ መሪ ላላየነው ለእኛ ትውልድ ይህ ቀላል አልነበረም። ከትሕትና ነው ወይስ ከድካም? ልብን የሚያውቅ አላህ (ሱ.ወ) ብቻ ነው። በዘመናቸውም ሰው ታስሯል፣ ሰው ሞቷል፤ መውረዳቸው ያን አይፍቀውም። ቢሆንም ያን ዕለት ብዙ ሰው ያለው ነገር ትዝ ይለኛል፦ «ደካማ ስለሆነ ነው»። ወንበር የያዘውን እንሰድባለን፤ የለቀቀውንም እንንቃለን። ታዲያ መሪዎቻችን ምን ይማሩ?

ወደዚህ መምጣቴ ካልቀረ፣ የመሪን ኪብር የሚያሳድገው ማነው የሚለውን እንመልከት። አቡበክር (ረ.ዐ) በተመረጡ ጊዜ ከእናንተ የተሻልኩ ሳልሆን ተሾምኩባችሁ፣ ካጠፋሁ አቅኑኝ የሚል መልእክት ያለው ንግግር አደረጉ። ይህን ማለት የቻሉት አቅኑኝ ቢሉ የሚያቀና ሕዝብ ፊት ቆመው ነው። እኛ ዘንድ ግን ሹም ሲሾም ፎቶው ከመሰቀሉ በፊት ሙገሳው ይሰቀላል። አንድ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ቀርቦ ሲንቀጠቀጥ፣ እሳቸው ንጉሥ እንዳልሆኑ፣ ቋንጣ ትበላ የነበረች የቁረይሽ ሴት ልጅ እንደሆኑ ነግረው አረጋጉት። ቋንጣ! የድሃ ቤት ምግብ። እኛ ግን የተንቀጠቀጠልን ሰው ሲገጥመን ደስ ይለናል።

ደስ ይለናል ያልኩት በድፍረት አይደለም፤ ራሴን ስለማውቅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን የመስጊድ ግንባታ ኮሚቴ ውስጥ ሰብሳቢ ነበርኩ። የውዱእ ማድረጊያ ስናሠራ አንድ ወጣት በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ፣ የፍሳሹ ቦይ በዚህ በኩል ከተቆፈረ በክረምት ውኃው ቁልቁል ጎረቤት ቤት ይገባል አለ። እኔ የመለስኩለትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?» ነው ያልኩት። ሰው ሳቀ፤ ልጁም ተቀመጠ። ቦዩ እኔ ባልኩት በኩል ተቆፈረ።

በሐምሌ አንድ ሌሊት ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ስንሄድ ከታች የሚኖረው ሸማኔ፣ ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው፣ የሽመና ጉድጓዱ አፍ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ያዘጋጀው ድር ጭቃ ነክቶት፣ በጣሳ እየቀዳ ሲደፋ አገኘሁት። ዛኒጋባው ውስጥ የሚቀመጥበት ደረቅ ቦታ ስላልነበረ እኔም ሱሪዬን ሰብስቤ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አልኩና ጣሳ ተቀበልኩት። ይቅርታ ስጠይቀው «ምን አድርገህ? ልጁ አስቀድሞ መጥቶ ነግሮኝ ነበር፤ ዕቃ አንሳ ብሎኝ እኔው ቸል ብዬ ነው» አለኝ። ያ ልጅ እኔ ካዋረድኩት ስብሰባ ወጥቶ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ ሰውየውን አስጠንቅቆት ኖሯል።

ለድሩ ካሣ ከፈልን፤ ቦዩም ልጁ ባለው በኩል እንደገና ተቆፈረ። ልጁን ለማግኘት ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ሰላምታዬን እየሸሸ በሌላ በር ይወጣ ነበር። ባገኘሁት ጊዜ በጀመዓው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ኮሚቴ ውስጥም እንዲገባ ለመንኩት። ገባ። ሰብሳቢነቱን እኔ ከለቀቅሁ ቆየሁ፤ በአባልነት ግን አሁንም አብረን እንቀመጣለን።

ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው ሳቁና «እና አሁን ተስማማችሁ?» አሉኝ። አልተስማማንም። ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ስለ አጥሩ ያቀረብኩትን ሐሳብ በሰው ፊት አንድ በአንድ ፈታብኝ። ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ። «የማን ልጅ ነህ» የምትለዋ ቃልም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።