በወሊድ የሚሞቱ እናቶች እና የሰበካችን ድርሻ

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 35 ራሔል ምጥ ጸንቶባት፣ ብንያምን ወልዳ በኤፍራታ መንገድ ላይ እንዳረፈች እናነባለን። እንዲህ ያለው ሞት በሀገራችን ቀንሷል እንጂ አልቀረም።

በሀገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. 871 የነበረው የእናቶች ሞት፣ በ2016 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዷል። በ2005 እና በ2011 መካከል ግን ከ673 ወደ 676 ሆኖ ባለበት ቆሞ ነበር። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2000 ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2016 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ደርሰዋል። የቀሩት በቤት ይወልዳሉ።

ገዳዮቹ የታወቁ ናቸው፦ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ብዙ ደም፣ የደም ግፊትና ከእርሱ የሚመጣ መንቀጥቀጥ፣ የማሕፀን መመረዝ፣ የተራዘመ ምጥ፣ ጥንቃቄ የጎደለው ውርጃ። ብዙ ደም የሚፈሳት እናት በሰዓታት ውስጥ ልታልፍ ትችላለች። ስለዚህ የጤና ባለሙያዎች 3 መዘግየቶችን ያስተምራሉ፦ ለመወሰን፣ ለመድረስ፣ ከደረሱም በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። ሦስተኛው የጤና ተቋማት ኃላፊነት ነው፤ ሁለቱ ግን በእኛ ደጅ ናቸው።

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙና በጌራ የቡና ገንዘብ ከጥቅምት ጀምሮ ይገባል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ቤቱ ገንዘብ ያጥረዋል፤ መንገዱም ጭቃ ነው። አምቡላንስም መኪና ከሚገባበት አያልፍም።

ነፍሰ ጡርን «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብለን እንመርቃለን። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር። እንግዲህ የንስሐ አባት ነፍሰ ጡር ያለችበትን ቤት ሲጎበኝ፣ የት እንደምትወልድና ማን እንደሚያደርሳት ባልንም አማትንም ይጠይቅ። ቤቷ ሩቅ ከሆነ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ወደ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ እንድትገባ ይምከር። ሰበካ ጉባኤው ቃሬዛ ያዘጋጅ፤ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተሸካሚ ይመድብ፤ የአምቡላንሱን ስልክ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይለጥፍ፤ በቡና ወቅት ለክረምቱ ጥቂት ገንዘብ ያስቀምጥ። ይህ ሁሉ የሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግ ለጎረቤት ሁሉ ይሁን።

ለጉባኤ ውይይት፦
1. በሚቀጥሉት 3 ወራት በሰበካችን የሚወልዱ እናቶች እነማን ናቸው?
2. ምጥ ሌሊት ቢይዛቸው ማን ይጠራል? ማንስ ይሸከማል?
3. በቤት ውስጥ ውሳኔ የሚሰጠው ማን ነው? ከእርሱስ ጋር ማን ይነጋገር?