ከምድር በታች ስለሚያድግ ግንድ

ገበሬ ሰርዶ የያዘውን መሬት ደጋግሞ ያርሳል፤ ዝናም በጣለ ጊዜ ግን ሰርዶው ከፊተኛው ይልቅ በዝቶ ይገኛል። ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ለማወቅ የሰርዶን አካል መመርመር ያስፈልጋል።

ብዙ ሰዎች ከምድር በላይ ያለው ግንድ፥ ከምድር በታች ያለው ሥር ነው ይላሉ። ዳሩ ግን ግንድና ሥር የሚለዩት በሚኖሩበት ስፍራ ሳይሆን በአካላቸው ሁኔታ ነው። ግንድ አንጓ አለው፤ ከአንጓውም ቅጠልና እንቡጥ ይወጣል። ሥር ግን አንጓም ቅጠልም የለውም። ስለዚህ በአፈር ውስጥ ተሰውሮ ቢያድግም፥ አንጓና እንቡጥ ያለው ክፍል ግንድ ይባላል።

ከነዚህም አንዱ ድንች ነው። መምህሩ አንድ ድንች ይዞ ዓይኖቹን ለተማሪዎቹ ያሳያቸው። ዓይን የተባለው እንቡጥ ነው፤ በአጠገቡ ያለችው እንደ ቅንድብ ያለች መስመር የቅጠል ምልክት ናት። የድንች ተክል በአፈር ውስጥ ካለው ግንዱ ቀጫጭን ቅርንጫፎችን ወደ ጎን ይዘረጋል። ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ያዘጋጀው ምግብ ወደ ቅርንጫፎቹ ጫፍ ወርዶ በተከማቸ ጊዜ፥ ጫፉ ወፍሮ ድንች ይሆናል። ስኳር ድንች ግን በስም ቢመስለውም የወፈረ ሥር ነው።

ዝንጅብልም ወደ ጎን ተጋድሞ የሚያድግ ግንድ ነው። የእንሰት አሚቾም እንደዚሁ በአፈር ውስጥ ያለ ወፍራም ግንድ ነው። የሽንኩርት ግንድ ግን ሥሮቹ የሚወጡበት ጠፍጣፋው መቀመጫ ብቻ ነው፤ የሚበላው ድርብርብ ክፍል ምግብ ያከማቸ ቅጠል ነው።

ይህን ማወቅ ለእርሻ ሥራ ይጠቅማል። ድንች ለዘር በሚቈረጥበት ጊዜ ዓይን የሌለበት ቍራጭ አይበቅልም። ድንች የሚያፈራው ከተቀበረው ግንድ ስለ ሆነ፥ አፈሩን ወደ ተክሉ ማስታቀፍ ምርቱን ይረዳል፤ ፍሬውንም ከብርሃን ይሰውራል። ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዝ አለበት፤ መርዙም በመቀቀል ስለማይጠፋ ሊበላ አይገባም።

ሰርዶም በምድር ውስጥ የሚዘረጋ ባለ አንጓ ግንድ አለው። ማረሻ በቈራረጠው ጊዜ አንጓ ያለበት ቍራጭ ሁሉ ራሱን ችሎ ሊበቅል ይችላል። እንግዲህ ሰርዶን ቈራርጦ በርጥብ አፈር ውስጥ መተው መዝራት እንጂ ማጥፋት አይደለም። በበጋ አርሶ ማገላበጥ፥ የወጣውንም ለቅሞ በፀሐይ ፈጽሞ ማድረቅ ይገባል። ብዙ አረጋውያን ይህን ሥራ በልማድ ያውቁታል፤ መምህሩ ምክንያቱን ቢያስረዳ ልጆች የአባቶቻቸውን ልማድ ከነምክንያቱ ይይዙታል።